ቃሉን ረስቶ በደጅ የቆመ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

መርሳት የሰው ልጅ የባሕርዩ ድካም ነው። ትናንት በእጁ የያዘውን ዛሬ ይፈልገዋል፤ በቃሉ ያጠናውንም ካልደገመው ይጠፋበታል። የድጓና የቅኔ መምህራን ደቀ መዛሙርቶቻቸውን ሌሊት እየቀሰቀሱ ያጠኑትን የሚያስከልሷቸው ይህን ድካም ስለሚያውቁ ነው። ስለዚህ መርሳት ብቻውን ኃጢአት ነው ብሎ የሚፈርድ የለም። ነገር ግን ሰው መርሳቱን ለመሸሸግ ሲል የሚሠራው ሥራ ብዙ ጊዜ ከመርሳቱ ይልቅ የከፋ ይሆናል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነገር ነው። ምሳሌ የምናደርገውም በዘመናችን በየቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ የሚደርሰውን፥ የኮምፒዩተርን የይለፍ ቃል ረስቶ ከገዛ ሥራ ውጭ የመቅረትን ችግር ነው።

በአንድ ደብር የሚያገለግል ወጣት ዲያቆን የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ነበር። ቀድሞ በትልቅ ደብተር ይጻፍ የነበረው የጥምቀት፥ የጋብቻና የዕረፍት መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ከተዛወረ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ዲያቆኑ ታሞ ወደ ሕክምና በሚሄድበት ዋዜማ፥ ማንም እንዳይነካበት ብሎ የይለፍ ቃሉን ለወጠ፤ አዲሱንም ቃል በየትም ስፍራ አልጻፈም። ከሁለት ወር በኋላ ድኖ ተመለሰ፤ በወንበሩ ተቀመጠ፤ ኮምፒዩተሩንም አበራ። የጻፈው ቃል ግን ትክክል አይደለም ተባለ። ደግሞ ጻፈ፤ አሁንም እንደዚያው ሆነ። ያን አዲስ ቃል አንድ ቀን እንኳ ሳይጠቀምበት ታሞ ስለ ተኛ፥ ከልቡ ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄድበት ጉዳይ ነበረውና የክርስትና ምስክር ወረቀት እንዲጻፍለት ለመኑ፤ የቀጠሮውም ቀን ዓርብ መሆኑን ነገሩት። ዲያቆኑ ግን ረሳሁ ለማለት አፈረ። «እናቴ፥ ዛሬ መብራት ጠፍቷል፤ ነገ ይመለሱ» አላቸው። በማግሥቱ ሲመጡ መሣሪያው ተበላሽቷል አላቸው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ የፊተኛውን ምክንያት መልሶ፥ መብራት የለም አለ። እርሳቸውም ቀና ብለው ጣሪያውን አዩና፥ «ልጄ፥ መብራቱ እኮ ከራስህ በላይ በርቷል» አሉት። እርሱም የሚመልሰው አጣ።

ሌሊት ሌሊት ብቻውን እየተቀመጠ ይሞክር ጀመር። የክርስትና ስሙን ጻፈ፤ የተወለደበትን ዓመት ጻፈ፤ የታቦቱን ስም ጻፈ። ደጋግሞ ስለ ሳተ ማሽኑ እየከለከለ እንዲቈይ ያዘው ነበር። በመጨረሻ ከሁሉ የከፋ ሐሳብ መጣበት። በውስጡ ያለውን ሁሉ ደምስሶ ኮምፒዩተሩን እንደ አዲስ ማስጀመር እንደሚቻል ከወዳጆቹ አንዱ ነግሮት ነበር። «መዝገቡን ቫይረስ በላው ብልስ ማን ያውቃል?» አለ በልቡ። እንግዲህ አስተውሉ። አንዲት ቃል የረሳ ሰው፥ እፍረቱን ለመሸፈን ሲል የአምስት ዓመት የክርስቲያኖችን ስም ሊያጠፋ ደረሰ። መርሳቱ ድካም ነበረ፤ ይህ ሐሳብ ግን ከድካም አልፎ በደል ነው።

እግዚአብሔር ግን ጠበቀው። ከመደምሰሱ በፊት፥ የይለፍ ቃል ለረሳ ሰው በተዘጋጀው መንገድ ልሂድ ብሎ በገጹ ላይ ያለውን ምልክት ተጫነ። ኮምፒዩተሩም፥ የሚስጥር ቍጥር ቀድሞ ወደ ተመዘገበው ስልክ እንደሚልክ ገለጠለት፤ የስልኩንም የመጨረሻ ሁለት ቍጥሮች ብቻ አሳየው። ዲያቆኑ ቍጥሮቹን አወቃቸው። የደብሩ አለቃ ስልክ ነበረ። ከአምስት ዓመት በፊት ሒሳቡ ሲከፈት አለቃው፥ «የእኔም ስልክ ይግባበት፤ ሰው ይታመማል፤ ሰው ይሞታል» ብለው ነበር። ያን ጊዜ ዲያቆኑ አለቃው እኔን ባያምኑኝ ነው ብሎ አዝኖ ነበር። አሁን ግን ቤቱ የሚከፈትበት መንገድ እጅግ በሚያፍርበት ሰው በኩል ብቻ መሆኑን ተረዳ።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ወደ አለቃው ቀርቦ መስቀል ተሳለመና፥ «አባታችን፥ የይለፍ ቃሉን ረስቻለሁ። ስለዚሁ ነገር እኒያን እናትም ሦስት ቀን ዋሽቻቸዋለሁ» አለ። አለቃው ዝም ብለው ሰሙት። ከዚያም፥ «ልጄ፥ የዚያኑ ቀን ብትነግረኝ ኖሮ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበረ። አሁን ሁለት በር ተዘግቶብሃልና ሁለቱንም እንክፈታቸው» አሉት። መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስልካቸው የመጣውን ቍጥር አንድ በአንድ አነበቡለት። ዲያቆኑ አዲስ የይለፍ ቃል አወጣ፤ መዝገቡም እንደ ነበረ ተገኘ። ሁለተኛው በር ግን ቀርቶ ነበር። አለቃው የምስክር ወረቀቱን አስይዘው ወደ እናቲቱ ቤት ላኩት። እውነቱን ሲነግራቸው፥ «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? እኔስ የሣጥኔን ቍልፍ ስንት ጊዜ ጥዬ ጎረቤት ጠርቼ አስከፍቻለሁ» አሉት። ይሁን እንጂ የልጁ ቀጠሮ አንድ ቀን አልፎ ነበርና ሌላ ቀጠሮ እስኪገኝ አንድ ወር ጠበቁ። ይቅርታው በአንድ ቀን ተገኘ፤ ያለፈው ቀን ግን አልተመለሰም። ዲያቆኑ ይህ ነገር፥ ስሙ ሳይጠራ፥ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን ፈቅዷል።

ብዙ ሰው የይለፍ ቃሉን በረሳ ጊዜ ኮምፒዩተሩን እንደ ክፉ ዘበኛ ይቈጥረዋል። «ቃሌ በውስጡ ተጽፎ ሳለ ስለ ምን አይነግረኝም?» ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የይለፍ ቃል ለኮምፒዩተር ሥራ የዋለው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ፥ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነው፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። በዚያ ፈርናንዶ ኮርባቶ የሚባሉ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ብዙ ሰዎች በአንድ ትልቅ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ የሚሠሩበትን ሥርዓት አዘጋጁ። የአንዱ ሥራ ከሌላው ሥራ እንዲለይም ለእያንዳንዱ ሰው የይለፍ ቃል ተሰጠ። ቃሎቹ ግን እንዳሉ በአንድ መዝገብ ተጽፈው ይቀመጡ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ሁለት መዝገቦች በስሕተት ተለዋወጡና፥ የዕለቱ ማስታወቂያ በሚወጣበት ስፍራ የሁሉም ሰው የይለፍ ቃል ታየ።

እንደዚህ ያለው አደጋ እንዳይደርስ ሊቃውንቱ ሌላ ዘዴ ፈለጉ። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሮጀር ኒድሃም በዚያው በ1960ዎቹ ውስጥ ያመጡት ዘዴ፥ ቃሉን እንዳለ አለመጻፍ ነው። በ1979 ደግሞ ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፥ ዩኒክስ በሚባለው ሥርዓት ይህ ዘዴ እንዴት እንደ ጠነከረ ጽፈው አሳተሙ። ዘዴውን በወፍጮ እንመስለዋለን። እህል ተፈጭቶ ዱቄት ከሆነ በኋላ ወደ እህልነት አይመለስም። ኮምፒዩተሩም የሚያስቀምጠው የቃላችንን ዱቄት እንጂ እህሉን አይደለም። እኛ ቃሉን ይዘን በመጣን ጊዜ ፈጭቶ ከቀድሞው ዱቄት ጋር ያስተያየዋል፤ አንድ ከሆነ ይከፍታል፤ አንድ ካልሆነ ይከለክላል። እንግዲህ ቃሉን የማይነግረን ስለ ጨከነብን አይደለም፤ እርሱም ራሱ ስለማያውቀው ነው።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ማሽኑ ቃሉን ይመዝናል እንጂ ሰውየውን አያውቅም። አምስት ዓመት የሠራበት ባለቤቱ ቢያለቅስ አያየውም፤ ሌባ ትክክለኛውን ቃል ይዞ ቢመጣ ግን ይከፍትለታል። እግዚአብሔር እንዲህ አይደለም። በነቢዩ በኢሳይያስ መጽሐፍ እንደ ተነገረው፥ እናት የወለደችውን ብትረሳ እንኳ እርሱ እኛን አይረሳም (ኢሳ. ፵፱)። የጠፋው ልጅ ወደ አባቱ ቤት ሲመለስ የሚናገረውን ቃል በመንገድ አዘጋጅቶ ነበር፤ አባቱ ግን ቃሉን እስኪጨርስ አልጠበቀም፤ ገና በሩቅ ሳለ አይቶ አወቀው፥ ሮጦም አቀፈው (ሉቃ. ፲፭)። እኛ የጸሎቱን ቃል በድካማችን ብንዘነጋ፥ እርሱ የሚያውቀን በቃላችን ማማር አይደለም። ነገር ግን ልጁ ተነሥቶ መሄድ ነበረበት። በሩቅ አገር ተቀምጦ፥ ስለ እፍረቱ ሌላ ምክንያት እየፈጠረ ቢቀር ኖሮ የአባቱን እቅፍ ባላገኘም ነበር።

አባታችን አዳም በበደለ ጊዜ በዛፎች መካከል ተሸሸገ (ዘፍ. ፫)። እግዚአብሔር ወዴት እንዳለ የጠየቀው ያለበትን ስፍራ ስላላወቀ አይደለም፤ ወጥቶ እንዲናገር ነው እንጂ። ጴጥሮስም ጌታው የነገረውን ቃል ዘንግቶ በካደ ጊዜ የዶሮው ጩኸት አሳሰበው፤ እርሱም መራራ ልቅሶ አለቀሰ (ማቴ. ፳፮)። በአገራችንም በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ለዚያ ዲያቆን የሴትዮዋ ንግግር እንደ ዶሮው ጩኸት ሆነለት። የአለቃውም ስልክ ለእኛ የንስሐ አባትን ያመለክተናል። የንስሐ አባት የሚያዘው በጤና ዘመን ነው፤ የሚያስፈልገን ግን በወደቅን ቀን ነው። በጤናችን ጊዜ ይህ ሰው ምን ይጠቅመኛል ያልነው፥ በመከራችን ጊዜ የምንገባበት በር ይሆናል።

አሁን ደግሞ ለጽሕፈት ቤት አገልጋዮችና ለቤተ ሰብ አባቶች የሚጠቅመውን በአጭሩ እንናገር። ዊንዶውስ በሚባለው ሥርዓት የሚሠራ ኮምፒዩተር የይለፍ ቃሉ ሲረሳ የሚከፈትባቸው የቀና መንገዶች አሉ።

አንደኛ፤ መግቢያው የማይክሮሶፍት ሒሳብ ከሆነ፥ ከመግቢያው ገጽ ወይም በሌላ መሣሪያ ሆኖ በተመዘገበው ስልክ ወይም ኢሜይል ቍጥር ተቀብሎ አዲስ ቃል ማውጣት ይቻላል። ከዚያም ኮምፒዩተሩ አዲሱን ቃል እንዲያውቅ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት አለበት። ወደ ስልካችን የመጣውን ይህን ቍጥር ግን ከመሥሪያ ቤት ነኝ ብሎ ለሚደውል ለማንም አንንገር፤ ቍጥሩን የሰጠ ሰው ቤቱን ሰጥቷልና።

ሁለተኛ፤ መግቢያው በዚያው በኮምፒዩተሩ ብቻ የተከፈተ እንደሆነ፥ ቀድሞ የተመለሱ የማስታወሻ ጥያቄዎች ይረዳሉ፤ ይህም በዊንዶውስ 10 ከ2018 ጀምሮ የተሰጠ ነው። ወይም ቃሉ ሳይረሳ የተዘጋጀ የማስተካከያ ፍላሽ ይከፍተዋል። ወይም በዚያው ኮምፒዩተር ሙሉ ሥልጣን ያለው ሌላ ሰው አዲስ ቃል ሊያወጣለት ይችላል። በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ባለቤቱ በዊንዶውስ በራሱ ምሥጢር ያደረጋቸው ፋይሎች ቢኖሩ፥ ሌላ ሰው ቃሉን በግድ ሲለውጠው በሩ ይከፈታል፤ ፋይሎቹ ግን ላይነበቡ ይችላሉ። በግድ የተከፈተ ቤት ዕቃውን ሁሉ እንደ ነበረ አያስረክብም።

ሦስተኛ፤ ዲስኩ በሙሉ ቢትሎከር በሚባለው ዘዴ የተቈለፈ ሲሆን፥ መሣሪያው 48 አኃዞች ያሉትን የመመለሻ ቍልፍ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። ይህ ቍልፍ ከባለቤቱ ሒሳብ ዘንድ ወይም በታተመ ወረቀት ይገኛል። ከሁሉም ቦታ የጠፋ እንደሆነ ግን የሠራው ድርጅት ራሱ መልሶ ሊሰጠው አይችልም። የመጨረሻው መንገድ ሁሉን ደምስሶ እንደ አዲስ መጀመር ነው፤ ይህም ኮምፒዩተሩን ይመልሳል እንጂ በውስጡ የነበረውን አይመልስም። በሌላ ስፍራ ቅጂ ያስቀመጠ ሰው ግን ያን ጊዜ አይደነግጥም።

ከእነዚህ መንገዶች ሁሉ አንድ ነገር እናስተውላለን። ሁሉም አስቀድሞ የተዘጋጁ ናቸው። ስልኩ የተመዘገበው፥ ጥያቄው የተመለሰው፥ ፍላሹ የተሠራው፥ ወረቀቱ የታተመው ቃሉ ገና በሚታወቅበት ቀን ነው። አምስቱ ሰነፎች ደናግል ዘይት የፈለጉት ሙሽራው በመጣ ሰዓት ነበረ፤ ስለዚህ ዘይት ሊገዙ ሲሄዱ በሩ ተዘጋ (ማቴ. ፳፭)። ዘይት ይሸጥ ነበር፤ ገንዘቡም ነበራቸው፤ ያጡት ጊዜውን ነው።

በ2021 በብዙ ጋዜጦች የተነገረ አንድ ታሪክ አለ። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ የሚኖር አንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ፥ ቢትኮይን ከሚባለው ገንዘብ 7,002 የሚከፈትበትን ቍልፍ በትንሽ መሣሪያ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። የመሣሪያው የይለፍ ቃል የተጻፈባት ወረቀት ግን ጠፋችበት። መሣሪያው ዐሥር ጊዜ ብቻ መሞከርን ይፈቅዳል፤ ከዚያ በኋላ ለዘለዓለም ይዘጋል። ሰውየው ስምንቱን ሞክሮ ሁለት ቀርተውት ነበር። በዚያን ጊዜ የገንዘቡ ዋጋ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። እነሆ፥ ይህን ያህል ሀብት በእጁ ይዞ ሳለ አንዲት ሳንቲም ሊያወጣለት አልቻለም። ሀብቱን ከድህነት የለየችው አንዲት ወረቀት ናት። እኛስ ለምድራዊው እንኳ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚያሻ ከሆነ፥ ለነፍሳችን የምናስቀምጠው መጠባበቂያ ምንድን ነው?

አባቶቻችን መዝገብን ለአንድ ሰው ልብ ብቻ አልተዉም ነበር። የጉልትን፥ የስጦታንና የውልን ነገር በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ይጽፉት ነበር። ወንጌሉ በዕቃ ቤት በክብር ይጠበቃልና፥ የተጻፈውም ከእርሱ ጋር ይጠበቃል። ሙዳየ ምጽዋትም ሲከፈት ብዙዎች ቆመው ያዩታል። ይህን የሚያደርጉት ጠባቂውን ሌባ ነው ብለው አይደለም፤ ጠባቂው ሰው ስለሆነ ነው። ሰው ይረሳል፤ ሰው ይታመማል፤ ሰው ይሞታል። እንግዲህ የደብር ኮምፒዩተር ቢያንስ ሁለት የታመኑ ሰዎች የየራሳቸውን መግቢያ ይያዙበት። የመመለሻው ቍልፍ በወረቀት ታትሞ፥ በታሸገ ፖስታ በዕቃ ቤት ይቀመጥ። የመዝገቡም ቅጂ በየጊዜው በሌላ ስፍራ ይኑር። የይለፍ ቃሉን በኮምፒዩተሩ ፊት ለጥፎ ማኖር ግን ቍልፍን በበር ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ነው።

ስለ ቃሉም ርዝመት የአሜሪካ የደረጃና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም በ2017 ባወጣው መመሪያ፥ ረጅምና ባለቤቱ የሚያስታውሰው ቃል እንዲመረጥ፥ ምሥጢሩ መውጣቱ ካልታወቀም ሰውን በየጊዜው ቃል ለውጥ ብሎ ማስጨነቅ እንዲቀር መክሯል። የእኛም ዲያቆን የወደቀው በጕዞ ዋዜማ ያለ ምክንያት በመለወጡ ነው። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው አዲስ ቃል ከማውጣት ይልቅ ቃሉ በታመነ ስፍራ መኖሩን ያረጋግጥ።

ደግሞም የሌላውን ሰው ኮምፒዩተር ለመክፈት የይለፍ ቃል ረሳሁ እያለ ባለሙያ የሚያታልል አይጠፋም። ባለሙያ የሆነ ክርስቲያን ከመክፈቱ በፊት የማን እንደሆነ ይጠይቅ። ባለቤቱ ሳይፈቅድ የተከፈተ በር በምንም ዓይነት ጥበብ ቢከፈት ስርቆት ነው። በሌላ ወገን፥ የረሳ ሰው ሲመጣ ባለሙያውም ሆነ አለቃው አይዘብትበት። የሚዘበትበት ሰው ሁለተኛ አይናገርም፤ ያልተናገረም ሰው ሊደመስስ ያስባል። ያ አለቃ ዲያቆኑን በአደባባይ አዋርደውት ቢሆን ኖሮ፥ በሚመጣው ጊዜ የሚረሳ ሌላ አገልጋይ ወደ እርሳቸው ባልቀረበም ነበር።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ከእኛ መካከል ብዙዎች በገዛ ቤታችን ደጅ የቆምን ነን። በልጅነት የተማርነው ጸሎት ጠፍቶብናል፤ የንስሐ አባታችንን ቤት ከረሳን ዓመታት ሆነዋል፤ ሰው ሲጠይቀን ግን መብራት የለም እንላለን። መብራቱ ከራሳችን በላይ በርቷል። መርሳታችንን ዛሬ ብንናገር የጥቂት ጊዜ ሥራ ነው፤ ብናዘገየው ግን ከመርሳቱ ጋር ሐሰቱንም መመለስ ይሆንብናል። ስለዚህ የሚያስታውስ ሰው በሚያስታውስበት ቀን ይዘጋጅ፤ የረሳም ሰው በረሳበት ቀን ይናገር።

የማይረሳና የማይዘነጋ አምላክ፥ እኛ ስሙን በዘነጋንበት ሰዓት እንኳ ስማችንን በሕይወት መጽሐፍ እንዲጠብቅልን ቸርነቱ ትርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።